ጣት የሚነሣበት ቦታ

የምኖረው ሮውሌት ነው፤ ከዳላስ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ሬይ ሃባርድ ከሚባለው ሐይቅ ዳር። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ የትሪኒቲ ወንዝ ምሥራቃዊ ገባር ተገድቦ የተኛ ውኃ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ ረጅሙን ድልድይ እሻገራለሁ። ግራና ቀኙ ጨለማ ውኃ፣ ከፊት የቤቶች መብራት። ድልድዩ ላይ የማዳምጠው ዜማ ለዓመታት አልተለወጠም፤ የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። ብዙ ጊዜ ድልድዩ ቀድሞ ያልቃል። ያኔ ቤቴ በር ላይ መኪናውን አቁሜ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ዜማው እስኪያልቅ እቀመጣለሁ።

የሸማ ጥለት ከሩቅ ሲያዩት ቀለም ብቻ ነው። ጠጋ ሲሉ ግን እያንዳንዷ ክር የት ገብታ የት እንደወጣች ይታያል፤ የሸማኔውም እጅ አብሮ ይታያል። የኃይሉን አጨዋወት እንደዚያ ጠጋ ብዬ ለማየት ብዙ ማታዎች ፈጅተውብኛል። ጣቱ የት እንደሚያርፍ ማንም ልብ ይላል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ጣቱ የሚነሣበት ቦታ ነው።

«ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኝበት አልበም «ቼ በለው» ይባላል። ካይፋ ሪከርድስ በ1977 ያሳተመው ሸክላ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በእኛ 1969 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ያ ዓመት ለአዲስ አበባ ምን ዓይነት ዓመት እንደነበረ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ዋልያስ የሂልተን ሆቴል ባንድ ነበር። የሰዓት እላፊ ስለነበረ ሌሊቱን ለመጨፈር የመጣ እንግዳ እስኪነጋ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ባንዱም አብሮት ያነጋል። አንድን ስልት ከምሽት እስከ ንጋት ሳያሰለቹ መያዝ የሚችሉ እጆች የተሠሩት እንደዚያ ባሉ ሌሊቶች ይመስለኛል።

ኃይሉ ኦርጋን ላይ ነው። ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎንና ፍሉት፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ማሕሙድ አማን ጊታር፣ መላከ ገብሬ ቤዝ፣ ተማረ ሀረጉ ድራም ይጫወታሉ። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎኑ አለበት። በዘፋኝ ድምፅ በሚመራው የአገራችን ሙዚቃ ውስጥ መሣሪያ ብቻ የያዘ ሸክላ ማውጣት ያን ጊዜ ብርቅ ነበር። ዘፋኝ በሌለበት የዘፋኙን ቦታ አንድ ሰው መያዝ አለበት። «ቼ በለው» ላይ የያዘው ኪቦርዱ ነው።

ስለዚህ አጨዋወት ዝርያ ጥቂት ልበል። ሶል ጃዝ የሚባለው አጨዋወት በ1950ዎቹ አጋማሽ ከጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያንና ከብሉዝ የወጣ ነው፤ ጭንቅላት ከሚያዞረው ፈጣን ጃዝ ይልቅ እግርን የሚያስመታ ስልት ይመርጣል። ፒያኖና ኦርጋን የዚህ ቤት አባወራዎች ናቸው። ራምዚ ሉዊስ «ዚ ኢን ክራውድ» የተባለውን ዝነኛ አልበሙን በ1965 የቀረጸው ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ቦሂሚያን ካቨርንስ ክለብ ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት ነው። ኃይሉ ኋላ ኑሮውን የመሠረተው በዚያው ከተማ አካባቢ ነው። እኛ የዳላስና የፎርት ወርዝ ነዋሪዎች ደግሞ ሌላ ዝምድና አለን። ዋልያሶች ከተማሩባቸው የሳክስፎን ድምፆች አንዱ የኪንግ ኩርቲስ ነው፤ ኪንግ ኩርቲስ በ1934 የተወለደው ከቤቴ አንድ ሰዓት ገደማ በሚወስድ መንገድ፣ ፎርት ወርዝ ውስጥ ነው። ያ ድምፅ በሸክላ ተጭኖ አዲስ አበባ ገባ፤ በእኛ ቅኝት ተገርቶ ወጣ፤ አሁን ሬይ ሃባርድ ድልድይ ላይ፣ በእኔ መኪና ውስጥ፣ ወደ ተነሣበት አገር ተመልሶ ይሰማል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ።

አሁን ወደ ዜማው እንግባ። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ሳዳምጥ ጆሮዬን መጀመሪያ የማሳርፈው ቤዙ ላይ ነው። መላከ ገብሬ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ ሐረጓ ስለማትለወጥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሰማቷን ትተው ይቆሙባታል፣ እንደ ቤት ወለል። ከላይ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ዜማውን አብረው ያወጡታል። ፈረንጅ ባንድ ቢሆን አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ ድምፅ ይከፋፈሉ ነበር። እነዚህ ሁለቱም ያንኑ ዜማ ይዘው እንደ አንድ ጉሮሮ ይሄዳሉ። በሠርግ ቤት አውጪና ተቀባይ እንዳለ ሁሉ፣ ነፋሾቹ አውጪዎች ናቸው። ሐረጋቸውን ጥለው ሲያርፉ ክፍት ቦታ ይቀራል። ኦርጋኑ ይቀበላል።

እዚህ ላይ ስለ ኦርጋን ጠባይ አንድ ነገር ማወቅ ይረዳል። ኦርጋን ቁልፉ እስከተያዘ ድረስ ድምፁ አይሞትም። በኃይል ቢመቱትም በቀስታ ቢነኩትም የድምፁ መጠን ያው ነው። ፒያኖ የጣትን ክብደት ያውቃል፤ ኦርጋን አያውቅም። ከእግር መርገጫው ሌላ ለተጫዋቹ የቀረው ስሜት መስጫ ጊዜ ብቻ ነው፦ መቼ መንካት፣ መቼ መልቀቅ። ሰነፍ ተጫዋች ኦርጋን ላይ ሲቀመጥ ድምፁ እንደ ፈሰሰ ውኃ ሁሉንም ቦታ ይሞላዋል። ኃይሉ ግን ሐረጉን ጫፍ ላይ ይቆርጠዋል። ሦስት አራት ድምፅ ያወጣል፤ ጣቱን ያነሣል። ባነሣበት ቅጽበት ድራሙና ጊታሩ ገብተው ይታያሉ፤ ቦታ የለቀቀላቸው እሱ ነው። ከዚያ ተመልሶ ያንኑ ሐረግ በትንሹ አጠማዝዞ ይጀምራል።

ጌጡም አለ። የእኛ ቅኝት ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች አምስቱን ብቻ ይመርጣል። ማስንቆ የሚመታ አዝማሪ በአንዱ ድምፅና በሌላው መካከል ያለውን ርቀት ጣቱን በጭራው ላይ ሸርተት አድርጎ ያልፈዋል፤ ዘፋኝም በጉሮሮው ያንቀጠቅጠዋል። ኪቦርድ ይህን አይችልም፤ እያንዳንዱ ቁልፍ በአጥር የተለየ ግቢ ነው። ኃይሉ ያገኘው መላ ከዋናው ድምፅ በፊት ጎረቤቱን ነካ አድርጎ ማለፍ ነው። ንክኪዋ ከዓይን ጥቅሻ አትበልጥም። በጥንቃቄ ካላዳመጡ ራሷን ችላ አትሰማም፤ ዋናው ድምፅ የታጠፈ ይመስላል እንጂ። ረጅም ድምፅ ሲይዝ ደግሞ ሁለት ጎረቤታሞችን እያፈራረቀ ያንቀጠቅጣል፤ የዘፋኝ ጉሮሮ ያሰማናል። እነዚህን ጌጦች የሚያኖረው ዘፋኝ በሚያኖርበት ቦታ ብቻ ነው፤ በየቦታው አይበትናቸውም። ጥለት ያለው ጠርዝ ላይ ነው፤ ነጠላው መሐሉ ነጭ ነው።

ልጄ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከትንሽነቷ ጀምሮ ፒያኖ ትማራለች። አንድ ቅዳሜ ዜማውን ሰምታ «አባዬ፣ ይሄማ ቀላል ነው» ብላ ተቀመጠች። እውነትም አንድ ድምፅ አልሳተችም። ጣቶቿ ከእኔ ጆሮ ይፈጥናሉ። ግን ዜማው አልመጣም። ሁለተኛ ሞከረች፤ ሦስተኛ ሞከረች። «ለምንድነው የማይመስለው?» አለችኝ፣ ልትናደድ ምንም አልቀራት።

ሙዚቀኛ አይደለሁምና የምመልሰው አልነበረኝም። ዝም ከምል ብዬ «እስቲ ዝፈኚው» አልኳት። አፍራ ሳቀች፤ ኋላ በ«ላ ላ» ዘፈነችው። ስትዘፍን ትንፋሽ ያጥራታልና በየመካከሉ ታቆማለች። ከዚያ እጇን መለሰችና ትንፋሿ በተቋረጠበት ቦታ ሁሉ ጣቷን እያነሣች መታችው። ያን ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳሎናችን ውስጥ ወደ ዜማው የተጠጋ ነገር ሰማሁ። መምህሯ ድምፆችን አንዱን ካንዱ ሳታቋርጥ እንድታያይዝ ለዓመታት አስተምራታለች፤ ለሾፓን ትክክል ነው። ለኃይሉ ግን መተንፈስ ያስፈልጋል።

ይህ ትንፋሽ ከየት መጣ? ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ፤ አዲስ አበባ አደገ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የተማረው መሣሪያ አኮርዲዮን ነው። አኮርዲዮን ቁልፍ ያለው ሳንባ ነው። ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ካልሆነ ድምፅ የለም፤ ወናፉ ደግሞ የሚያልቅበት ቦታ አለው፤ ተጫዋቹ ሐረጉን ከዚያ በፊት መጨረስ አለበት። ኦርጋን ማለቂያ የሌለው አየር ሲሰጠው፣ ኃይሉ ያ ልክ ያለው ወናፍ ደረቱ ላይ እንዳለ ያህል ነው የተጫወተው። ይህ የእኔ ግምት ነው። ግን በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ፣ አኮርዲዮኑን ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን የተጫወተበትን ካሴት ያዳመጠ ሰው ከእኔ ጋር የሚስማማ ይመስለኛል። እዚያ አኮርዲዮኑና ኪቦርዱ ሲፈራረቁ የሐረጋቸው ርዝመት አንድ ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የሙዚቃ አሳታሚ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ገበያ አግኝቶ በ2013 እንደገና አወጣው፤ በዓመቱ «ቼ በለው»ን አስከተለ።

«ቼ በለው» መጀመሪያ በወጣበትና እንደገና በታተመበት ጊዜ መካከል ብዙ ዓመት አለፈ። ዋልያስ በ1981 ከዘፋኙ ማሕሙድ አሕመድ ጋር አሜሪካን ዞሮ ተጫወተ፤ እንዲህ ያለ ጉዞ ያደረገ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ ነው። ኃይሉ፣ ፒያኒስቱ ግርማ በየነ፣ ሞገስና መላከ አልተመለሱም። ኃይሉ ኋላ በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ጣቢያ (ከእኛው ዳላስ ጋር እንዳይምታታ) ለዓመታት ታክሲ ነዳ። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው አይለይም ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ አውጥቶ ይለማመዳል። በስደት ያለን ሰዎች ይህንን ታሪክ ስናወራ ወደ ማዘን እናደላለን፤ ትልቅ ሰው ታክሲ ነዳ እያልን። እኔ ግን ከታሪኩ የምወስደው ኪቦርዱን ነው። ማንም አይሰማውም፤ ማንም አይከፍለውም፤ ጣቱን ግን አላሳነፈም።

ዳላስም እንዲህ ያለ ሰው ነበራት። ሬድ ጋርላንድ በ1923 እዚሁ ዳላስ ተወለደ (ስሙ ከጎረቤታችን ከጋርላንድ ከተማ መግጠሙ አጋጣሚ ነው)። በወጣትነቱ ቦክሰኛ ነበር፤ ኋላ የማይልስ ዴቪስ ባንድ ፒያኒስት ሆነ። በኅዳር 1957 ከጆን ኮልትሬንና ከዶናልድ በርድ ጋር የቀረጸው «ሶል ጃንክሽን» የተባለው አልበም በስሙም በባሕርዩም የሶል ጃዝ በር ላይ የቆመ ሥራ ነው። የአልበሙ ስም የተወሰደበት ብሉዝ ከአሥራ አምስት ደቂቃ ይበልጣል፤ ነፋሾቹ እስኪገቡ ፒያኖው ሳይቸኩል ረጅም መንገድ ብቻውን ይሄዳል። ጋርላንድ የሚታወቀው በድርብ አመታቱ ነው፦ ቀኝ እጁ ስምንተኛውን ድምፅ ከታችኛው ጋር ይዞ በመካከሉ አምስተኛውን ይጨምራል፤ ግራ እጁ በዚያው ምት ሌላ ሦስት አራት ድምፅ ያነጥፍለታል። ዜማው በአንድ ጊዜ በስድስት ሰባት ጣት ይሄዳል፤ ግን አይከብድም። በ1960ዎቹ ወደ ዳላስ ተመለሰ፤ ለዓመታትም ከትልልቆቹ መድረኮች ርቆ ኖረ፤ በ1984 በዚሁ ከተማ አረፈ።

ሁለቱን አከታትዬ ሳዳምጥ የጋርላንድ ብልጽግና የኃይሉን ቁጠባ ያሳየኛል። ጋርላንድ አምስተኛውን ድምፅ እንደ ልቡ መጨመር ይችላል፤ ሥርዓቱ ይፈቅድለታል። የእኛን አንቺሆዬ ቅኝት ግን ውሰዱ። ከዶ ብንነሣ ድምፆቹ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶልና ላ ናቸው። ትክክለኛው ሶል የለም። የምዕራቡ ፒያኒስት እጁ ሳያስብ የሚሄድበት፣ ከመነሻው አምስተኛ የሆነው ድምፅ፣ ከቅኝቱ ውጭ ነው። ያንን ከመታ ቅኝቱ ይፈርሳል፤ ካልመታ ደግሞ ግራ እጁ ማረፊያ ያጣል። ኪቦርድ ላይ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በየቀኑ የሚጋፈጠው ችግር ይህ ነው፤ ብዙዎች በፈረንጅ ኮርድ ሸፍነው ያልፉታል። ኃይሉ ግራ እጁን ማሳነስን ይመርጣል። መሠረቱን ለቤዙ ይተዋል፤ ራሱ ዜማው ላይ ይቀራል። ትሕትና የሚመስል ግን ብዙ ዕውቀት የሚጠይቅ ውሳኔ ነው።

በ2018 የወጣው «ላላ በሉ» ይህንን ሁሉ ዕርቃኑን ያወጣዋል። ነፋሽ የለም፤ ጊታር የለም። ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ማይክ ማይኮውስኪ በቤዝና ቶኒ በክ በድራም፣ ኃይሉ በኪቦርዱና በአኮርዲዮኑ፣ ሦስት ሰው ብቻ። ርዕሱን ሳየው ሁለት ነገር ይታየኛል፦ «ላ ላ» እያላችሁ ዝፈኑ የሚለውና፣ ሰውነታችሁን ላላ አድርጉ የሚለው። ሰሙም ወርቁም ይስማማኛል። አልበሙ የሚከፈተው ዐሥር ደቂቃ ገደማ በሚሄድ «ትዝታ» ነው፤ አኮርዲዮኑ፣ ያ የልጅነት ሳንባ፣ እዚያ ተመልሶ ይተነፍሳል። «አንቺሆዬ ለኔ» ላይ ደግሞ ያልኩት የግራ እጅ ቁጠባ በደንብ ይሰማል።

እውነቱን ለመናገር «ላላ በሉ» የ«ቼ በለው»ን ሙላት አይሰጠኝም። የሞገስና የዮሐንስ ድምፅ ይናፍቀኛል፤ ድራሙም በአንዳንድ ቦታ ኃይሉ የከፈተውን ባዶ ቦታ ቶሎ ይሞላዋል፤ እዚያ ዝም ቢል እመርጥ ነበር። ነገር ግን አልበሙ የሚዘጋበት «የፍቅር እንጉርጉሮ» ከዚህ ሁሉ ይክሰኛል። ቤዝ የለም፤ ድራም የለም፤ ኦርጋን የለም። አንድ ፒያኖና አንድ ሰው። እንጉርጉሮ ሰው ብቻውን ሲሆን፣ ለራሱ፣ በዝግታ የሚያወጣው ነው። ፒያኖ ደግሞ ከኦርጋን በተቃራኒ፣ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ የሚሞት ድምፅ ነው ያለው። ጣት ቢነሣም ባይነሣም ድምፁ ይሄዳል። ዕድሜውን በሙሉ የት መልቀቅ እንዳለበት ላጠና ሰው እዚህ ላይ መሣሪያው ራሱ ይለቅለታል። እሱ የሚያደርገው ቀጣዩን ድምፅ ማዘግየት ነው፤ የፊተኛው ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው፣ ገና ጭራው ሳይሰወር፣ የሚቀጥለውን ያኖርበታል። ጌጦቹ ያው ናቸው፤ ጎረቤቱን ነካ አድርጎ ማለፍ፣ ጫፍ ላይ ማንቀጥቀጥ፤ ግን በሰባ ዓመት ሰው እጅ አንሰው ይሰማሉ። ሂልተን ላይ ለሚጨፍር እንግዳ ይጫወት የነበረ እጅ እዚህ ለማንም አይጫወትም። ከሠራቸው ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

አንድ ልመና አለኝ። «ሙዚቃዊ ስልት»ን መኪና ውስጥ፣ ድልድይ ላይ፣ ጮክ አድርጋችሁ አዳምጡ። «የፍቅር እንጉርጉሮ»ን ግን እባካችሁ በመንገድ አታዳምጡት፤ የጎማ ድምፅ ይውጠዋል። ቤት ገብታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ትታችሁ ክፈቱት። የመጨረሻው ድምፅ ሲመታ ለማጥፋት አትቸኩሉ፤ እስኪሞት ጠብቁት።